የወፏ አንገት

ልብስ ሰፊዋ ዊልቸሯን እየነዳች በመንገድ ላይ ሥዕል ትሥላለች። ስልኳ በሳተላይት እየተከታተለ፣ የሄደችበትን ሁሉ በካርታው ላይ ያሰምርላታል። ዛሬ የጀመረችው ወፍ ነው፤ መንገዱ ነገ ስለሚቆፈር ዛሬውኑ መጨረስ አለባት። ፎቅ ሥር ቆም ካለች ግን ስልኩ ያለችበት ቦታ ይምታታበትና መስመሩን እንደ ክር ይቋጥረዋል። ቋጠሮ ደግሞ የሙያ ጠላቷ ነው። ስለዚህ ለሰላምታ እንኳ አትቆምም።

የወፏን አንገት ስታሰምር፣ አንድ ፎቅ ሥር የድሮ ደንበኛዋ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ የወንበሩን እጀታ ያዙባት።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ! እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ይልቀቁኝ፣ ወፌ ተበላሸች!»

«የምን ወፍ? እህትሽስ፣ ወለደች?»

ስልኩን አየት አደረገች፤ መስመሩ መቋጠር ጀምሯል። ጥላቸው ብትሄድ ይቀየማሉ። እጆቿ ጎማው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ እየገፉ ይጠይቁኝ!»

ሽማግሌው እየሳቁ ገፉ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት! በግራ ይታጠፉ! ቶሎ፣ ቶሎ!»

አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ቢቀርም ወፏ ምንቃር አወጣች። ፖስተኛው ግን ገና የአጎቷን ልጆች ጠይቀው አልጨረሱም።