በመጋዘን ውስጥ የተለቀሰው ለቅሶ

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ በመጣው ጥቅምት፣ እዚሁ ልደታ። አሁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጆቼ የሚያስፈራ ፊልም አይተው መጡና «እማማ፣ ሰዉ እንዴት ይጮህ ነበር መሰለሽ!» እያሉ ሲያወሩ ይኼ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ፊልም ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱንም ሁለቴ። እኛ አልጮህንም፤ አለቀስን እንጂ። ስነግራቸው አላመኑኝም። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ ከእነሱ ትልቋ ናት። «አሳጥሪው እማማ» ትለኛለች፤ አላሳጥርም።

እናቴ ብዙነሽ ትባላለች። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ትሸጥ ነበር። ልጆቿ ሁለት ነን። ታላቄ ተክሌ ጫማ ሰፊ ነበር። በእልቂቱ ዕለት ሠርቶ የጨረሰውን ጫማ ለደንበኛ ላድርስ ብሎ ወደ አራዳ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ከተማው ሲቃጠል፣ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እሱ እዚያ መሀል ነበር። ሬሳው አልተገኘም፣ አየሁት ያለ ሰው የለም፣ ታስሯልም አልተባለም።

ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ አይቻልም። ጣሊያን የገደለውን ሰው ያለቀሰ የሽፍታ ወገን ነው ተብሎ ይያዛል። ድንኳን መትከል ይቅርና ሰብሰብ ብሎ ደጃፍ ላይ መቆም ያስጠይቅ ነበር። መርዶ የሚያረዳስ ማን ነው? ማን ምን አይቶ ያርዳ! እንዲህ እንዲህ እያለ እናቴ እርሟን ሳታወጣ ወራት ሄዱ።

አንድ ዘለላ እንባ ከዓይኗ አልወጣም። መቀመጥ ግን አቃታት። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች። በሩን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጧፉን እየሠራች መሀል ላይ ጥላው ወደ መንገድ ትወጣለች። የተክሌን ጋቢ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። እህል ሳቀርብላት «ቆይ፣ እሱ ይምጣ» ትላለች።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ይቺ ሴት ካላለቀሰች ታብዳለች» ስትለኝ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። እሷ በተነሳች ቁጥር እነሳለሁ፤ በሩ ሲንቋቋ ሮጬ ቀሚሷን እይዛለሁ። በእውነት ልናገር፣ ያን ጊዜ ከጣሊያን ይልቅ የምፈራው እናቴ አንድ ቀን ወጥታ እንደ ወንድሜ እንዳትቀር ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ የሰፈሩ ጭቃ ሹም ቤት ለቤት እየዞረ «ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሲኒማ አለ። ሁሉም ይመጣል፤ የቀረ ወዮለት!» አለ። ሲኒማ! ሽማግሌዎቹ ሲኒማን የሰይጣን ቤት ነበር የሚሉት። «ምን ይደረግ፣ ስንመለስ ጠበል እንረጫለን» ተባባልንና ሄድን።

ቦታው አውሮፕላን ሜዳው አጠገብ የነበረ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ፀሐይ ገና አናት ላይ ናት፤ መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ስለደፈኑት ግን ውስጡ ዓይን ቢወጉ አይታይም። ወንበር ብሎ ነገር የለም። መሬት ላይ ተቀመጥን፤ የሲሚንቶው ብናኝ ያስነጥሳል። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ቆመዋል፤ ጣሊያንም አሉ፣ ለጣሊያን ያደሩ ጥቁሮችም አሉ። ፊት ለፊት አንድ የጣሊያን ሹም ወንበር ላይ ተንፈላስሷል። አጠገቡ አስተርጓሚው አለ።

ይኼ አስተርጓሚ ሐበሻ ነው፤ አገሩ የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ካኪ ኮትና ባርኔጣ አድርጎ ከጣሊያኖቹ ጋር ነው የሚውለው። በመንገድ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር እንትፍ እል ነበር። ዘወር ካለ በኋላ ነው እንጂ ፊቱማ ማን ደፍሮ!

ሹሙ ተናገረ፣ እሱ ተረጎመ። «ጥቁርና ነጭ አብረው መኖር የማይችሉት ለምን እንደሆነ ይህ ፊልም ያሳያችኋል። አይታችሁ ቦታችሁን እወቁ» ነው ነገሩ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። ጫካ ዳር ነጮች ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ጫካው ውስጥ ደግሞ አንድ ጥቁር አውሬ አለ፤ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ጦጣ ነገር። ሲጨልም እየመጣ በመስኮት ያያቸዋል፣ ያጉረመርማል። የቤቱ ልጅ ባየችው ቁጥር ጩኸቷን ታቀልጠዋለች። ሙዚቃው ብቻውን ጥርስ ያንገጫግጫል። እንድንፈራ ነው እንግዲህ። አውሬው እኛን መሆኑ ነው!

አውሬው በሩን ሲያንኳኳ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የመሸበት እንግዳ ነው፣ ያስገቡት እንጂ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አሉ። ከልባቸው ነው። ሌላዋ «ርቦት ይሆናል። ቁራሽ ቢሰጡት ይሄዳል» አለች። አልከፈቱለትም። «ወይ ንፉግነት!» ተባለ። ሰዉ ሁሉ ለአውሬው አዘነ።

ኋላ እትዬ ዘነበች አየችው። አውሬው መስኮቱን ሲጨብጥ እጅጌው ተሰበሰበና ክንዱ ታየ፤ ነጭ! «ውይ በሞትኩት! ጥላሸት ተቀብቶ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ሳቅ ፈነዳ። «ጣሊያን ነው! የራሳቸው ሰው ነው!» ይላል ሰዉ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ስንት ወር ያልሳቅሁትን ነው የሳቅሁት። ሹሙ ዞር ብሎ ሲያየን፣ ወታደሮቹም ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ፣ ሳቁ ቀጥ አለ።

ወዲያው በፊልሙ ውስጥ ተኮሱበት። ወደቀ። ውሻ ለቀቁበት። እግሩን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱና ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ አፈር እንኳ አላለበሱትም። ተመልሰው ገቡ፣ ብርጭቆ አጋጩ፣ ጨፈሩ።

ያ አጎታተት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በየካቲት በየመንገዱ በዓይናችን ያየነው ነው። ጥላሸቱም ተረሳ።

እናቴ ብድግ አለች። እጇን ያዝኩ፣ መነጨቀችኝ። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች። ደረቷን መታችና አወጣችው፦

«ሰሌን አልነበረ፣ አፈር አልለበሰ፣
የማን ልጅ ነው ይኼ፣ ሳይለቀስ ፈረሰ?»

በአገራችን ሬሳው የጠፋ ሰው ቢሆን ልብሱን ዘርግተው፣ ዕቃውን አውጥተው ያለቅሱለታል። እናቴ ይኼንን እንኳ ተከልክላ ነው የከረመችው። አሁን ፊቷ ሬሳ አገኘች። ጥላሸት የተቀባ ጣሊያን ነው ብትሏት ምን ገዷት! ተጎትቶ የተጣለ፣ አልቃሽ ያጣ ሰው ነው ያየችው።

እትዬ ዘነበች ተቀበለቻት፤ ያቺ ስትስቅ የነበረችው። ባሏም እንደ ተክሌ ያን ዕለት የቀረ ነው። ከዚያ ሴቱ ሁሉ ተነሳ። ወንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። መጋዘኑ ለቅሶ ቤት ሆነ።

አለቀልን አልኩ። ሹሙ ከወንበሩ ተነስቶ አስተርጓሚውን ጠየቀው። ጣሊያንኛ አላውቅም፤ ግን ሌላ ምን ይጠይቃል? «ምን እያሉ ነው?» ነው የሚለው። አስተርጓሚው ሁሉንም ሰምቷል። አንዲት ቃል ቢተነፍስ እናቴ ወደ ቤት አትመለስም። እናቴን አያት፣ አያት፣ አያት። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሮ «ፓውራ» አለ። ያቺን ቃል ሁላችንም እናውቃት ነበር፤ ወታደሮቹ ሲያሾፉብን የሚሏት ናት። ፍርሃት ማለት ነው። ፈርተው ነው አለው!

የሹሙ ፊት በራ። ደስ አለው እኮ! ጭራሽ ፊልሙን ለሚያንቀሳቅሰው ሰው አዘዘና ያችን የመግደያዋን ቦታ ደግመው አሳዩን። እኛም ደግመን አለቀስን።

ስንወጣ አስተርጓሚው በሩ አጠገብ ቆሟል። እናቴ በፊቱ ስታልፍ ወደ ሌላ እያየ «እናቴ፣ የሚመጣው ቅዳሜም ይታያል፤ ይምጡ። ስም ግን እንዳይጠሩ። ከወታደሮቹ መሀል አማርኛ የሚሰማ አለ» አላት። እኔ ደነገጥኩ። ወጥመድ ይሁን ምክር አላወቅሁም።

ሳምንቱን ሙሉ ለመንኳት።

«እማዬ፣ አንሂድ። እግዜር አንዴ አወጣን።»

«እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ ስሙን አትጥሪ በማርያም!»

«ስሙን ካልጠራሁ ለማን ነው የማለቅሰው? ለጥላሸቱ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጭቃ ሹሙ ማንንም አላስገደደም፤ መጋዘኑ ግን ጢም ብሎ ሞላ። ከጌጃ ሰፈር ድረስ ሰምቶ የመጣ አለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የገቡት። ሹሙ ደግሞ ጥቁር እንዴት እንደሚፈራ ላሳያችሁ ብሎ ነው መሰል ጓደኞቹን ከነሚስቶቻቸው ጠርቷል። እነሱ ፊልሙን ትተው ወደ እኛ ዞረው ተቀመጡ።

በሩ ሲንኳኳ «አስገቡት» ያለ የለም፤ ክንዱ ሲታይም የሳቀ የለም። ሁሉም ጉድጓዷን ነው የሚጠብቀው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ይዣለሁ። ተኮሱ። ወደቀ። ጎተቱት። እናቴ ተነሳች። መጀመሪያ ግጥሟን ብቻ አለች። እፎይ ልል ስል፦

«ተክሌ! ተክልዬ! በየት በኩል ጣሉህ? ጫማ ሰፊው ልጄ፣ በባዶ እግርህ ነው የጎተቱህ?»

በሩ ላይ ከቆሙት ጥቁር ወታደሮች አንዱ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ከዚያ በሰዉ መሀል እየተራመደ ወደ ሹሙ መምጣት ጀመረ። አማርኛ የሚሰማው እሱ ነው። ቀሚሷን ሳብኩት። እናቴ አላየችውም፤ የልጇን ስም ትጠራለች።

አስተርጓሚው ግን አይቶታል። ባርኔጣውን አውልቆ ወረወረ። እዚያው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በጉልበቱ ወደቀና እሪ አለ! ደረቱን በቡጢ ይደቃል፣ እንባው በኮቱ ላይ ይወርዳል። «ወይኔ! ወይኔ ብቻዬን!» ይላል። የውሸት እንዳይመስላችሁ። እኔ ለቅሶ አውቃለሁ፤ ያ የቆየ ለቅሶ ነበር። የማንንም ስም ግን አልጠራም።

ሹሙ ክው አለ። አንተም ነህ? ዓይነት ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው ከመሬት ሳይነሳ «ፓውራ፣ ሲኞር! ፓውራ!» አለ።

እንግዶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሴቶቻቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። ሹሙ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀና በጫማው ጫፍ ጎኑን ነካ ነካ አደረገው፣ እንደ ውሻ። ያ ወታደር መሀል ላይ ቆመ። በዚያ ሁካታ ማን ይስማው? ትንሽ ቆይቶ ወደ በሩ ተመለሰ። እነሱ ሲስቁ እናቴ የልጇን ስም እስኪወጣላት ድረስ ጠራች።

ቤት እንደገባን በሩን ዘጋችና ቁጭ አለች። አልተነሳችም። ጠበቅኋት፣ አልተነሳችም።

«ልጄ ሞቷል» አለች። ከዚያ በፊት ካፏ ወጥቶ አያውቅም። «መቀስ አምጪና ፀጉሬን ቁረጪልኝ።»

ቆረጥኩላት። እህል አቀረብኩ፤ በላች። እኔም ያን ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ፊልሙን ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። አስተርጓሚውን ዳግመኛ አላየሁትም። ጣሊያን ሲወጣ ባንዳ ነው ብለው ገደሉት የሚል ሰምቻለሁ፤ አብሯቸው ሄደ የሚልም ሰምቻለሁ። ባንዳ ነበር፤ ከማን እጅ እንደሚበላ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሳቂያ ሆኖ እናቴን ያተረፈልኝም እሱ ነው። ልረግመው ስል ምላሴ ይያዛል፣ ልመርቀው ስል የጣሊያን ባርኔጣው ይመጣብኛል። እስከ ዛሬ ሳስበው ያቁነጠንጠኛል።

እናቴ ግን እንዲህ አልተቸገረችም። በእኛ ወግ ለለቀሰልህ ታለቅሳለህ፤ የለቅሶ ብድር አይቀርም። ያ ሰውዬ ለተክሌ ለቅሶ ደርሷል። የእሱ ሟች ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም፤ እናቱ ትሁን፣ ወንድሙ ይሁን፣ ልጁ ይሁን አናውቅም። ስለዚህ እናቴ እስክታርፍ ድረስ ለቅሶ ቤት በሄደች ቁጥር፣ የሟቹን አልቅሳ፣ የተክሌን አልቅሳ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንተም ሁን አንቺም ሁኚ፣ የዚያ ሰውዬ ሟች፣ ነፍስ ይማር» ትልና ለእሱም ታለቅስ ነበር።

እሷ ካረፈች ወዲህ ይኼ ለእኔ ደረሰ። ባለፈው እሑድ እንኳ ጎረቤት ለቅሶ ነበር፤ ለዚያ ሰውዬ ሟችም አልቅሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ደግሞ ይኼኛው ማን ነው?» አለችኝ።

«አላውቀውም እቴ» አልኳት። «አንቺ ግን አብረሽኝ አልቅሺ።»