ሉክሰምበርግ፣ ፍሪጁና የእትዬ መድኃኒት

ሉክሰምበርግ የደረሰችኝ በዕጣ ነው። በስልክ የሚሰጥ የመምህራን ሥልጠና ላይ ነበርኩ፤ እያንዳንዳችን አንዲት አገር ይዘን ኃይል እንዴት እንደምታመነጭና እንደምትጠቀም፣ ባለፉት ዓመታትም ነገሩ ወዴት እንዳዘነበለ እንድንጽፍ ታዘዝን። ለሌሎቹ ብራዚልና ሕንድ ደረሳቸው። ለእኔ፣ ለሸዋ ሮቢቱ የጂኦግራፊ መምህር፣ ካርታ ላይ ጣቴን ሳሳርፍባት ከነድንበሯ የምትጠፋ አገር ደረሰችኝ። ቅር አለኝ። ትልቅ አገር ቢደርሰኝ ትልቅ ነገር የምጽፍ ይመስለኝ ነበር።

ጽሑፉን የጀመርኩት መብራት በሌለበት ቀን ነው፤ እንዲህ ስል ግን የተለየ ቀን እንዳይመስላችሁ። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ የሉክሰምበርግ ሰው ቤቱን ለማሞቅ ስንት ኃይል እንደሚያወጣ አነበብኩ። እኛ በነፃ የተሰጠንን፣ አንፈልግም ብንልም የማይወሰድልንን ሙቀት እነሱ በቧንቧ ከውጭ ያስመጣሉ። የነዳጅ ፍጆታዋ ደግሞ ከሕዝቧ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ጉድ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ዋጋው ከጎረቤቶቿ ይረክስ ስለነበር አላፊ አግዳሚው የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ እዚያ ይሞላል፣ የሞላውም እንደ እሷ ፍጆታ ይቆጠራል። ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። መንገድ ዳር ባለችው ጎረቤታችን ጀውሃ ላይ ሾፌሮች የሚበሉት ምሳ በጀውሃ ሰው ስም ቢጻፍ፣ እንደ ጀውሃ ሰው ያለ ሆዳም በዓለም አይገኝም ነበር።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ያቺ ሀብታም አገር አብዛኛውን መብራቷን የምትገዛው ከጎረቤት ነው። «ጎረቤት ላይ መንጠልጠል ትልቅ ድክመት ነው» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ቀና ስል እትዬ ስልክ ይዘው፣ «አንድ ብልቃጥ ላኪልኝ፤ ያለው ሊያልቅ ነው» እያሉ ነበር።

እትዬ የምላቸው ያሳደጉኝን አክስቴን ነው። ስኳር አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሌላ የምታቀርበው የላትም። ስለዚህ መድኃኒታቸው የሚቀመጠው ደብረ ሲና፣ ድሮ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይነግዱ ከነበሩት ባልንጀራቸው ጓዳ፣ ቅቤ እንኳ በማይቀልጥበት መደርደሪያ ላይ ነበር። እኛ ቤት የምትኖረው አንድ ብልቃጥ ብቻ ናት፤ እሷም እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ገንቦ። ስታልቅ ባልንጀራቸው ሌላዋን በፔርሙስ አድርገው ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣሉ። እትዬ ፔርሙሱን ሲመልሱ ሽንኩርትና ሎሚ ያስከትላሉ። የሆስፒታሏ ሲስተር፣ «እኔ እንዲህ አድርጉ ብዬ አላዝዝም፤ ግን እየሠራ ነው» ትል ነበር።

እኔ ግን የሉክሰምበርግን ድክመት እቤቴ አገኘሁት።

«እትዬ፣ መድኃኒትዎን እስከ መቼ በሰው ጓዳ ያስቀምጣሉ? ራሳችንን እንቻል እንጂ» አልኳቸው።

«ምን አደረገችህ?»

«ምንም አላደረጉኝም። ጥገኝነት ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ ደግሞ ወዳጅነት ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ፍሪጅ ገዛሁ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል መጣና ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። በደብረ ሲና የቀሩት ብልቃጦችም ወረዱ። እትዬ ለባልንጀራቸው ደውለው፣ «ልጁ ፍሪጅ አምጥቷል፤ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም» አሉ፤ ፔርሙሱንም ከሎሚ ጋር መለሱላቸው። ወዲያኛዋ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም፤ ጽሑፍ ላይ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ሉክሰምበርግ አንድ የሚያኮራ ነገር አሳየችኝ። ኃይል ሲተርፍ ከወንዝ ውሃ ስበው ተራራ ላይ ያጠራቅማሉ፤ ኃይል ሲያስፈልግ ለቀው ተርባይን ያዞሩበታል። ሲኖር ማጠራቀም! ትምህርቱን ወዲያው ሥራ ላይ አዋልኩት። መብራት በመጣ ጊዜ ፍሪጁን መጨረሻው ቁጥር ላይ አደረግሁና፣ መብራቱ ሲሄድ ቅዝቃዜው እንዲቆይላቸው ብልቃጦቹን በሙሉ በረዶ መሥሪያው ውስጥ ከተትኳቸው። ለእትዬም ተራራውንና ውሃውን አስረዳኋቸው። «አንተ ካልክ» አሉ። ብልቃጦቹ በረዶ ሆኑ፣ ቀለጡ፣ እንደገና በረዶ ሆኑ። ሲቀልጡ መልካቸው ያው የድሮው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬን ውሃ ጥም ያዛቸው። «ሙቀቱ ነው» አልኩ፤ እዚህ አገር ሁሉንም ነገር ሙቀቱ ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ከዚያ ሽንት ቤት መመላለስ መጣ፣ እግራቸው ዛለ። አንድ ቀን ለሱብሒ ሶላት ሳይነሱ ቀሩ። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆኖ አያውቅም። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ በባጃጅ ይዤያቸው ወደ ሆስፒታል በረርኩ።

ስኳራቸው መለኪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ወጥቶ ነበር።

«መርፌውን አቋርጠዋል?» አለች ሲስተሯ።

«ኧረ በፍጹም! በሰዓቱ ነው የሚወጉት።»

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ፍሪጅ ገዝተናል» አልኳት። ኩራቴ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

«ፍሪጁ ውስጥስ የት ጋ?»

ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። «በረዶ ከሆነ በኋላ እኮ አይሠራም። ውሃ ስታስወጋቸው ነው የከረምከው» አለችኝ።

ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሚሄድበት ከተማ፣ አክስቴን በብርድ ልገድላቸው ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማንም የለኝም።

አልሐምዱሊላህ፣ በሦስተኛው ቀን ተቀመጡና ሻይ ያለ ስኳር ጠየቁ። «አዲሱን መድኃኒት ለእሷ ላክላት። አንተው ደውል፤ እኔ አፍሬያለሁ» ብቻ አሉኝ።

ደወልኩ። ረጅም ይቅርታ አዘጋጅቼ ነበር፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«አሁን ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«በል ላከው። መደርደሪያው ላይ ቦታዋ እንዳለ ነው፤ ማን ያስቀምጥበታል? ፔርሙሱንም በየሳምንቱ ሳጥበው ነው የከረምኩት።»

ፍሪጁ አሁን ለጎረቤት ውሃ ያቀዘቅዛል፣ መብራት ሲኖር። ከጽሑፌ ውስጥ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና በቦታው «ሉክሰምበርግ አብዛኛውን መብራቷን ከጎረቤት ታገኛለች፤ ደህና ጎረቤቶች አሏት ማለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሥልጠናው አራሚ ከጎኑ በቀይ፣ «ምንጭ ይጠቀስ» ብሎ መለሰልኝ። አስተያየቱን ያነበብኩት ባዶ ፔርሙስና አንድ ፌስታል ሎሚ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣውን ሚኒባስ ስጠብቅ ነው።