የሰኔ ሪፖርትና የአብነቱ ቦይ

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል ጠብቄ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጉልበቴ ከደረጃው ጋር ይጣላል፤ ስለዚህ ከወረድኩ በኋላ የብሎካችን በር ጋ ቆም ብዬ ትንፋሼን መሰብሰብ ልማዴ ነው። እዚያው አጠገብ አንዲት ወጣት ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ወርሃዊ የሥራ ክንውን ነው። የየክፍሉ ሥራ በሠንጠረዥ ተደርድሯል፤ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ምርመራ። ዓይኔ ሌላውን ሁሉ ዘሎ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ «ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠረጋ፣ መቶ በመቶ።»

«አይተሽዋል?» አልኳት።

«ምኑን፣ ማዘር?»

«ቦዩን።»

ሳቀች። «ኧረ እኔ ለጥፊ ተብዬ ነው» አለችና ፕላስተሯን ይዛ ወደሚቀጥለው ብሎክ ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ዳቦውም ተረሳ። ልጅቷን አልተቀየምኳትም። እንዴት እቀየማታለሁ? በእሷ ዕድሜ የባሰ ሠርቻለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከልደታ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ሪፖርት አጠናቃሪ ሆኜ ተቀጥሬ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ሥራዬ ሲሰሙት ቀላል ነው። ወሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሠራ ያመጣልኛል፤ እኔ አንድ ላይ አድርጌ በጽሕፈት መኪና እመታና ሦስት ኮፒ አወጣለሁ፤ አንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አንዱ ለኃላፊው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። ሲሠሩት ግን ሌላ ነው። የጽዳት ክፍሉ ሰውዬ ክንውኑን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጽፎ ይጥልልኛል። የልደትና የሞት ምዝገባዋ ሴትዮ ደግሞ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስጊጣ ታመጣለች፤ ሟቾቹን በቀይ። የቀረው የሚመጣው ተለምኖ ነው። ባዶ የሆነ ቦታ ሲያጋጥም የባለፈውን ወር ኮፒ አውጥቶ የወሩን ስም ቀይሮ መምታት የቤቱ ወግ ነበር፤ ያስተማረችኝም ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ናት። «ምርመራ» የምትለው የመጨረሻዋ ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ትውላለች። ምን እንደሚጻፍባት አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም።

ሰኔ ከሌላው ወር ሁሉ ይከፋል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ስለሆነ ሪፖርቱ አንድ ቀን ቢዘገይ ኃላፊያችን አቶ ታፈሰ ቤቱን ያናውጡት ነበር። በተፈጥሮዬ ድንጉጥ ነኝ፤ በር ሲንኳኳ የምደነግጥ ሰው ነኝ እስከ ዛሬ። በዚያ ላይ እናቴ በእኔ ደመወዝ ነበር የምትኖረው። የዚያን ሰኔ ማለቂያ ሁሉም ክፍል አምጥቶ የፍሳሽና ጥገናው ብቻ ቀረ።

የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ገዛኸኝ ደግ ሰው ነበር። ከኮቱ ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም፤ ባለጉዳይም ሆነ ዘበኛ ሳይዘግን አያልፍም። ስልክ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ የአብነት ሰፈሩ ቦይ ብቻ ነው የቀረኝ። ተጠርጓል?»

«ነገ ጠዋት ሰው አሰማራለሁ የኔ ልጅ። ያው ተጠርጓል በይው።»

«በእርግጠኝነት?»

«ነገ አልኩሽ እኮ! በአንድ ቀን ምን ይለወጣል?»

መታሁት። «የአብነት ቁልቁለት ቦይ፣ ተጠርጓል፣ መቶ በመቶ።» ከሪፖርቱ ሁሉ ያቺ መስመር ብቻ ሳትሰረዝ ሳትደለዝ መውጣቷን አስታውሳለሁ። አቶ ታፈሰ በስብሰባ ላይ በሰዓቱ አስረክባለች ብለው አመሰገኑኝ፤ አጨበጨቡልኝም። ደስ ብሎኝ ለባልደረቦቼ ሻይ በቦምቦሊኖ ጋበዝኩ።

በማግሥቱ የጋሼ ገዛኸኝ ሠራተኞች ለችግኝ ተከላ ተወሰዱ። የሐምሌ ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ ቦዩ የለበትም። ያለቀ ሥራ እንዴት ዳግመኛ ይታቀዳል? ይህን ያወቅሁት ዕቅዱን ራሴ ስመታ ነው። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ወይዘሮ ዘሃራ መጣች። ዘሃራ አብነት፣ ቦዩ ዳር የምትኖር፣ በረንዳዋ ላይ ቅመምና ቆጮ የምትሸጥ ሴት ናት። ስለዚያ ቦይ በግንቦትም በሰኔም እየተመላለሰች አመልክታለች። ሦስት ጊዜ በመምጣቷ በሪፖርታችን ላይ ሦስት የተስተናገዱ ባለጉዳዮች ሆና ተቆጥራለች፤ የቆጠርኳትም እኔ ነኝ። በዚህኛው አመጣጧ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ በስብሷል።

የመዝገብ ቤቱ ሰው ፋይሉን ገልጦ አነበበላት። «ተጠርጓል ይላል፣ እትዬ።»

«የቱ ነው የተጠረገው?»

«የአብነት ቁልቁለት። መቶ በመቶ።»

«ወንድሜ፣ እኔ እዚያ ነው የምኖረው። ዛሬ ጠዋት ከዚያ ነው የመጣሁት። ወላሂ አካፋ ያነሳ ሰው አላየሁም።»

«እዚህ ግን ተጠርጓል። አዲስ ማመልከቻ ይጻፉና ለነሐሴ ዕቅድ ይታያል።»

«ልጄ አራስ ናት» አለች ዘሃራ ቀስ ብላ። «የምትተኛው ጓዳ ውስጥ ነው። የጓዳው ግድግዳ ደግሞ ቦዩ ላይ ነው የተደገፈው።»

ከእሷ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። አልዞርኩም። ጽሕፈት መኪናው ላይ ባዶ ወረቀት አስገብቼ የማይረባ ነገር መታሁ፤ ሥራ ላይ ያለሁ እንድመስል።

ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ መሄዱን ትቼ ወደ አብነት መውረድ ጀመርኩ። ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ጫማ ሰፊዎቹ የጣሉት የቆዳ ቁርጥራጭ፣ ፌስታል፣ ከላይ ተንዶ የመጣ አፈር፣ አንድ የተሰበረ ወንበርም ጭምር ቦዩን እስከ አፉ ሞልተውታል። የእነ ዘሃራ ጓዳ ከዚያ በላይ አንድ ክንድ እንኳ አይሆንም። በጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ የአጥሚት ሽታ ይመጣል፤ አንዳንዴም የሕፃን ለቅሶ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ጋ ቆሜ እሸት እገዛለሁ፤ ሳልበላው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወደ ሰማይ አያለሁ። ያን ወር ሰማይ ያየሁትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ ገዛኸኝን ለመንኩት። «ከዕቅድ ወጥቷልኮ የኔ ልጅ፤ ያለ ዕቅድ ሰውም መኪናም ማዘዝ አልችልም» አለኝ። ፊቱ እንደ ማፈር አለና ቆሎ ዘግኖ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ቆሎውን እንደያዝኩ ወደ አቶ ታፈሰ ገባሁ። ተሳስቻለሁ፣ ሪፖርቱ ይስተካከል አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዓመቱ ሪፖርት ሄዷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይልቅ ያንቺ የሙከራ ጊዜ የሚያልቀው መቼ ነበር?»

«በነሐሴ።»

«በይ እንግዲህ፣ በርትተሽ ሥሪ።»

ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሁለት ቀን የተሰጠኝን ስመታ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ቢሯችን ውስጥ መብራት አበራን። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱ ተነሣሁ። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ኖሮ ወኔዬ በሩ ላይ ይቀር ነበር። ጃንጥላዬንም ረስቼ እየሮጥኩ ወረድኩ።

ዘሃራ በረንዳዋ ላይ ቅመሟን በላስቲክ እየሸፈነች ነበር። አላወቀችኝም።

«እትዬ ዘሃራ፣ ልጅዎትን ከጓዳ ያውጧት። አሁኑኑ ያውጧት።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ከጽሕፈት ቤቱ ነኝ። ቦዩ አልተጠረገም።»

«እሱንማ ለእናንተም ነግሬያችኋለሁ!»

«ተጠርጓል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የጻፍኩት። ሰው የማይመጣው በእኔ ምክንያት ነው። ዛሬም አይመጣም።»

ከፍ ዝቅ አድርጋ አየችኝ። የምትመታኝ መሰለኝ፤ ብትመታኝ ቀለል ይለኝ ነበር። አልመታችኝም። ላስቲኩን ጥላ ወደ ውስጥ ገባችና «ሙኒራ፣ ተነሽ!» ስትል ሰማሁ። ፍራሹን እኔ ተሸከምኩ፤ ዘሃራ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ አቀፈች፤ ሙኒራ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ተከተለችን። የዘሃራ እህት ቤት ከቁልቁለቱ በላይ ነው፤ አምስት ደቂቃ አያስኬድም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለን። ዘሃራ ዕቃ ልታወጣ ልመለስ ስትል እጇን ያዝኩ። መንጭቃኝ ሄደች፤ ተከተልኳት። በረንዳዋ ላይ ሳትደርስ ነው ውሃው ከላይ የመጣው። መጀመሪያ ድምፁን ነው የሰማነው። ቦዩ ሊቀበለው ስላልቻለ ወደ ጎን ገፋና የጓዳውን ግድግዳ እንዳለ ወደ ውስጥ ዘረገፈው። ፍራሹ የነበረበት ቦታ ላይ ድንጋይና ጭቃ ተከመረ። የተሰበረውም ወንበር እዚያው ነበር።

ሰው አልሞተም። ዘሃራ በቁሟ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ የቅመም ዕቃዎቿን ከጭቃ ውስጥ በእጇ ትፈልግ ጀመር። አብሬያት ፈለግሁ።

ከሥራዬም አልተባረርኩም። የሐምሌ ሪፖርት ሲደርስ አቶ ታፈሰ ራሳቸው ጠርተው አስጻፉኝ፦ «በጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በተሰጠ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በሰው ሕይወት ላይ ሊደርስ የነበረን አደጋ መከላከል ተችሏል፣ መቶ በመቶ።» ባለሙያዋ እኔ ነኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ መታሁት፤ ሦስት ኮፒ። አንድ ጊዜ የሮጠ ሰው ሁልጊዜ ደፋር ይመስለዋል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ስመለስ ያው የድሮዋ ድንጉጥ ነበርኩ።

በነሐሴ ዘሃራ ስለ ግድግዳዋ አዲስ ማመልከቻ ይዛ መጣች። በዚህኛው ጊዜ መዝገብ ቤት አልሄደችም፤ ቀጥታ እኔ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሞኝ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ፣ ወሩ ሲያልቅ ምን ብለሽ ትጽፊ ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ጠብቃ ጠብቃ ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሌላም በሌላም መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጽፌያለሁ። አንዳንዱን አይቼ፣ አንዳንዱን ሳላይ፤ ሁሉንም አይቼ ጻፍኩ ብዬ አልዋሽም። ያቺን ጥያቄ ግን የወር መጨረሻ በመጣ ቁጥር እሰማታለሁ። ሰዎች ሲሰሙኝ ያኔ ያልመለስኩላት መልሱን ስላላወቅሁት ይመስላቸዋል። አውቀው ነበር። ዘሃራ ፊቴ ቆማ እያለች ጣቴ ፊደሎቹን ያውቃቸው ነበር፦ «ከአቅም በላይ በሆነ የተፈጥሮ አደጋ።» ከዚያ ደግሞ የልደትና የሞት ምዝገባዋ ሴትዮ የሙኒራንና የልጇን ቁጥር በቀይ አስጊጣ ታመጣልኝ ነበር። ምርመራዋም እንደ ሁልጊዜው ባዶ ትውል ነበር።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ ዳቦውን ትቼ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ዞርኩ። ቦዩ ከመንገድ የሚታየው ድረስ በእርግጥ ተጠርጓል፤ ሰው ለፍቶበታል። ከትንሿ ድልድይ በታች ያለው ግን በፌስታልና በአፈር ተደፍኗል፤ እዚያ ደግሞ ምድር ቤት የሚኖሩ ጎረቤቶቼ መስኮት አለ። ካፊያው ጀምሯል። ተመልሼ ሰሌዳው ጋ ሄድኩ፤ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። የጥበቃው ሰው ምን እያደረጉ ነው ይለኛል ብዬ ወደ ኋላዬ አየሁ። ከዚያ በዚያች ባዶ ዓምድ ውስጥ፣ ምርመራ በምትለው ሥር፣ «ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከድልድዩ በታች አልተጠረገም» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ስሜን ከነአባቴ ጨመርኩበት።