ፍሬ የማይዘው ባቄላ

የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ፤ በማኪናዬ ያላመላለስሁት አዋቂ ነኝ ባይ የለም። የባለፈው የእርሻ ባለሙያ ተብዬ ግን ባሰ። ከጎንደር እስከ ዳባት ጆሮዬን ሲያደነቁር ቆይቶ፣ ከገበሬው ከአያ ፈንቴ ማሳ ስንደርስ ስንዴና ባቄላ ተቀላቅሎ መዘራቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

አያ ፈንቴ እንግዳ አክባሪ ናቸው፤ ከዚያው ማሳ የባቄላ እሸት ነቅለው አስታቀፉት። እየፈለፈለ ይበላ ጀመር፤ እየበላም ይቆጣል።

«ስንዴ ለብቻው፣ ባቄላ ለብቻው ነው የሚዘራ!»

«ምነው ልጄ? ስንዴው ለዳቦ፣ ባቄላው ለወጥ። አንዱ ቢከዳን አንዱ አለልን።»

«ተሳስተዋል! ስንዴ መሀል የተዘራ ባቄላ ፍሬ አይዝም!» አለ፣ ጉንጩ እንደ ተወጠረ።

አያ ፈንቴ አፉን አተኩረው አዩት።

«ሸጋ ብለሃል። እንግዲያ ከቅድም ጀምሮ የምታላምጠው ምንድን ነው?»