የሙላው ሃያ ሁለት ደቂቃ

የሙላው የዓለም አቀፍ ክሪኬት ተጫዋችነት ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጅቷል። በስደት ናይሮቢ ሳለ የሕንድ ነጋዴዎች ክለብ በሚጫወትበት ሜዳ ዙሪያ ሲያንዣብብ፣ አጥር ዘሎ የወጣ ኳስ ሲያቀብል ቆይቶ ዱላ መያዝ ተማረ። አንድ እሑድ ክለቡ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ካምፓላ ሲጓዝ ሁለት ሰዎች ታመው ቀሩና ሙላው ቁጥር ማሟያ ሆኖ ተጫነ። አራት ነጥብ አገኘ። ከዚያም የተጋጣሚው ኳስ ወርዋሪ ከሙላው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች አፈረሰበት፤ በጨዋታው ሕግ ተሰናበተ። ኬንያና ኡጋንዳ ሁለት አገሮች ናቸውና ጨዋታውን ዓለም አቀፍ ብሎ መጥራት ሐሰት አይደለም። ሙላው የተማመነው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሚኒሶታ ከገባ ወዲህ ያ እሑድ እያደር ፋፋ። አራቱ ነጥብ አርባ ሆነ፤ ለወዳጅነቱ ጨዋታም ዋንጫ ተጨመረለት። ሙላው ዉድበሪ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ ይገፋል፤ በሊፍት ሲወጣና ሲወርድ፣ ተጋድሞ ማምለጫ ላጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ይተርካል። ለወገኖቹ መተረክ ከዚያ ይቀልለው ነበር። ከመካከላቸው ክሪኬት የሚያውቅ ስላልነበረ የሚመረምረው አልነበረም።

ችሎታ ማነስ ነውር አይደለም፤ ሙላውም ዓይኑ ፈጣን፣ ክንዱ ብርቱ ነበር። ነገር ግን በረዶው ሲጠና ሚኒሶታ የሚጫወትበት የክሪኬት ቡድን በአዳራሽ ሲለማመድ «የሥራ ሺፍት አለብኝ» ይላል። ዩኒፎርም ለብሶ ፎቶ በሚነሣበት ቀን ሺፍት ኖሮበት አያውቅም።

ባለፈው ሐምሌ ይህ ቡድን ድንበር ተሻግሮ ዊኒፔግ ላይ እንዲጫወት ተጋበዘ። አብዛኞቹ አባላቱ የሕንድና የባንግላዴሽ ተወላጆች ናቸው፤ አለቃቸውም ቁጥብ የሂሳብ መምህር ነው። አለቃው ዐሥር ሰዎች መርጦ ሲያበቃ ዐሥራ አንደኛውን ቦታ ለሙላውና ለአንድ የጥርስ ሐኪም በፉክክር አስቀመጠ። በቅዳሜው ጨዋታ የበለጠ ነጥብ ያገኘ ይሄዳል።

ሙላው ይህን ለማኅበረሰቡ ማኅበር ሊቀ መንበር ለጋሼ ሐብተማርያም ሲያወራ ፉክክሩን ዘለለና ጉዞውን ብቻ ነገራቸው። ጋሼ ሐብተማርያም ደግሞ ሰው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ ሽኝት ሳያዘጋጁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ውስጥ አዳራሽ ተያዘ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ሙላው ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ለበሰ።

«ወንድማችን የአገራችንን ስም በዓለም አደባባይ ሊያስጠራ ነው!» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ለመሆኑ ጨዋታው ምን ዓይነት ነው፣ ጋሼ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«የገና ጨዋታ ማለት ነው። ፈረንጅ አሻሽሎት ነው እንጂ።»

ሙላው ካባውን እያስተካከለ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤት ሲነዱ ሚስቱ ብርነሽ፣ «ካልተመረጥክስ?» ብላ ጠየቀችው።

«እኔ ሳልመረጥ ማን ሊመረጥ ነው?»

«ካባው ይመለሳል ወይ ማለቴ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙላው ዊኒፔግ መሄድ የፈለገው ለመጫወት አልነበረም፤ መቅረት ስለማይችል ነበር።

በዚያ ሊግ ልማድ በየተራ ዱላ የሚይዘው ቡድን ዳኛውን ከራሱ ወገን ያቆማል። ልማዱ የሚጸናው በሰው ታማኝነት ብቻ ነው። በዚያ ቅዳሜ ቡድኑ ሰው ስላጠረው ሙላው አበልጁን በሪሁንን አቀረበ፤ የበሪሁንን ልጅ ያሬድን ክርስትና ያነሣው እሱ ነውና። በሪሁን በሽተኞችን የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ኃላፊነቱን እንደ ቀልድ አልወሰደውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየክሊኒኩ በር ሰው ሲጠብቅ የጨዋታውን ሕግ በስልኩ አነበበ። ሙላው የመከረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዳኛ ጣቱን ካነሣ ተጫዋቹ ይወጣል። አንተ ጣትህን ካላነሣህ ማንም አይከስህም።» በሪሁን ምክሩን አልወደደውም፤ ቀልድ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ጨዋታው አፕል ቫሊ በሚገኝ መናፈሻ ተደረገ። የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞ ገባ፤ ሳይቸኩል፣ ኳሱን በየክፍተቱ እየላከ፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ አግኝቶ ወጣ። ሙላው ሠላሳ ሁለት ያስፈልገዋል። ጋሼ ሐብተማርያም ታጣፊ ወንበርና ባንዲራ ይዘው፣ እልል የሚሉ ሦስት እናቶች አስከትለው መጥተዋል።

የሙላው አጨዋወት ለማየት የሚከብድ ነበር። ኳሱን ወደ ቀኝ ሲያነጣጥር ወደ ግራ ይሄድለታል። እናቶቹ ግን በመታም በሳተም እልል ይላሉ፤ እሱም በሳተ ቁጥር እጁን ለሰላምታ ያነሣል። እንዲህ እየተንፏቀቀ ሃያ ስምንት ደረሰ።

ቀጣዩ ኳስ ፈጥኖ መጣ። ሙላው ዱላውን ሰነዘረ፤ ቀጭን የእንጨት ድምፅ ተሰማ፤ ከእንጨቶቹ ጀርባ የቆመው ተጋጣሚ ኳሱን መሬት ሳይነካ ቀለበው። ዱላ የነካ ኳስ እንዲህ ከተቀለበ መቺው ይወጣል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ከሕግ የሚቀድም የቆየ ጨዋነት አለ፤ ዱላው መንካቱን ያወቀ ሰው የዳኛውን ጣት ሳይጠብቅ በገዛ እግሩ ይወጣል። ሙላው ከቆመበት አልተነቃነቀም። ተጋጣሚዎቹ በአንድ ድምፅ ወደ ዳኛው ጮኹ። እናቶቹ ጩኸቱ ምስጋና መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

በሪሁን የዳኛ ነጭ ካፖርቱን እየሰበሰበ ወደ ሙላው ቀረበ።

«አበልጄ፣ ዱላህን ነክታለች?»

«ጫማዬን ነው።»

«እኔ የሰማሁት እንጨት ነው።»

«እሪታው መሃል ምን ይሰማል? አልነካችም አልኩህ!»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሙላው በበሪሁን ትከሻ ላይ አሻግሮ ባንዲራውን አየ። «ያሬድ ይሙት!» አለ። «ያሬድ ይሙት፣ አልነካችም!»

ለበሪሁን በገዛ ልጁ ስም፣ ያውም ክርስትና ባነሣው ሰው አፍ ተምሎለታል። ከዚያ ወዲያ መጠርጠር ከየት ይመጣል? ራሱን ነቅንቆ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጣቱ አልተነሣም። ሙላው በሦስት ምት ስድስት ነጥብ ጨምሮ ሠላሳ አራት ላይ ወጣ።

ከሜዳው ዳር ሲገናኙ ሙላው እየሳቀ አበልጁን አቀፈው። «ምን አልኩህ? ጣትህን ካላነሣህ ማን ይከስሃል! የዱላዬን ጫፍ ነክታ ነበር እኮ።»

«ያሬድ ይሙት ብለሃል።»

«አቦ አታካብድ! ጨዋታ እኮ ነው።»

በሪሁን ከእቅፉ ወጣ። ካፖርቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈና ወደ ቡድኑ አለቃ ሄደ። በሚቆራረጥ እንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳያስውብ፣ የሰማውን ድምፅ፣ የተማለለትን መሐላና ኋላ የተነገረውን አስረዳ። ጥፋቱን ከራሱ አላራቀም፤ ጆሮውን ትቶ ሰው ማመኑን ተናገረ። የሂሳብ መምህሩ ጨርሶ አዳመጠው። የዳኛ ውሳኔ አንዴ ከተሰጠ አይሻርምና መዝገቡ ላይ ሠላሳ አራት እንዳለ ቀረ። ዊኒፔግ የሚሄደው ግን የጥርስ ሐኪሙ ነው አለ። ለሙላውም ይህንኑ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነገረው፤ ምክንያቱን ማብራራት አላስፈለገውም።

ሙላው ሳይመሽ ለጋሼ ሐብተማርያም ስልክ ደወለ። «ጉልበቴ፣ ጋሼ» አለ፤ ድምፁን ሰበር አድርጎ። «ሐኪም ከልክሎኛል።»

ውሸቱን የሰነዘረው ሰውዬውን ለማራቅ ነበር። በዚያ ማኅበረሰብ ግን የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይታለፍም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጭማቂና ሙዝ የያዘ ሰው ቤቱን ሞላው። ብርነሽ ፊቷን አጥቁራ የባሏን ደህና ጉልበት በፋሻ ጠመጠመች፤ ፋሻውንም ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። ጋሼ ሐብተማርያም ከሶፋው ራስጌ ቆመው፣ «ለአገር የተከፈለ ጉልበት ነው!» ሲሉ ሙላው ዓይኑን በሥቃይ ጨፈነ።

ሲገልጠው በሪሁን በሩ ላይ ቆሟል። የታመመ ሳይጠይቅ መቅረት ለእሱም ነውር ነበር። ገብቶ ከሰው መካከል ተቀመጠ። የቀረበለትን ጭማቂ አልነካም። ሙላው ዓይኑን ከበሪሁን አፍ ላይ መንቀል አልቻለም። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ በሪሁን ተነሥቶ ወደ ሶፋው ጎንበስ አለ።

«ያሬድ ካልጠየቅኩት ብሎ አልቅሶ ነበር» አለው፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ከዚያም ሁሉንም እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሙላው በሩ እስኪዘጋ ትንፋሹን ያዘ። በሪሁን በሰው ፊት አልተናገረም። ሌላ የገባው ነገር አልነበረም። ከደረቱ ረጅም እፎይታ ወጣ፤ ፊቱም መልሶ ወዛ። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ብርነሽ፣ ትራሱን ከእግሬ ሥር ከፍ አድርጊልኝ፤ ሰው እየመጣ ነው።»