አዞው፣ ዝንጀሮውና ባለ ሚዛኑ

ባለፈው ቅዳሜ ግሬፕቫይን ከተማ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ብገባ ካምፎር፣ ያ የመድኃኒት ቤት ሽታ፣ ሸተተኝ። ሽታው የሚመጣው በሩ አጠገብ ከተደረደሩት ያረጁ የእንጨት መሳቢያዎች ነበር። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የድሮ የፈረንጅ ስዕል ተሰቅሏል፤ አንድ ሸበቶ መድኃኒት ቀማሚ ሙቀጫና ዘነዘና ይዞ ቆሟል፣ ከአናቱ በላይ ደግሞ የደረቀ አዞ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። "አሁንም ይሄ አዞ!" ብዬ ጮህኩ፣ ያውም በአማርኛ። ሻጯ ዞር ብላ አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ንዴቱ የጋሽ ዘሪሁን ነው፤ ከሞቱም በኋላ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ዘሪሁን አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ዩለስ ከተማ ስንኖር ከእኛ ሥር ባለው አፓርትመንት የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ደሴ ላይ የራሳቸው መድኃኒት ቤት ነበራቸው፤ እዚህ ስደት ላይ ግን አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሰው ከአገሩ ሲመጣ በርበሬና ሽሮ ይጭናል። እሳቸው የጫኑት ካሌንደር ነው። ድሮ የመድኃኒት ፋብሪካ ወኪሎች በየዓመቱ ይሰጧቸው የነበረ፣ በየወሩ አንድ የጥንት የአውሮፓ ስዕል ያለበት፣ ስዕሉም ሁሉ ስለ መድኃኒት ቀማሚ የሆነ ካሌንደር። ቀኑን እየቆረጡ ጥለው በስዕሎቹ ሳሎናቸውን ሞልተውታል። ቤቱ ካምፎርና ቅርንፉድ ይሸታል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር፣ ዩለስ ውስጥ ደግሞ የማያልፍበት ጊዜ የለም፣ ወረቀቶቹ ግድግዳው ላይ ይርገፈገፋሉ።

እናቴ ከሥራ እስክትመጣ ከትምህርት ቤት የምገባው እሳቸው ጋ ነበር። ታዲያ ሆምወርኬን ልጀምር ስል አንዱ ስዕል ሳይተነተን አይቀርም። "ይሄን ተመልከቺ! በየት አገር ነው መድኃኒት ቤት ውስጥ አዞ የሚሰቀለው?" ቀማሚዎቹ ከሩቅ አገር ዕቃ እንደሚያስመጡ ለማሳየት ይሰቅሉት እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል፤ ማወቃቸው ግን አላበረዳቸውም። በሌላው ስዕል የቀማሚ ካባ የለበሰ ዝንጀሮ ሙቀጫ ይወቅጣል። በሌላው ቀማሚው ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስቶ ሲመረምር ከኋላው ያለችው ሴት አፏን ሸፍና ትስቃለች። "ስንት ዘመን ሙሉ መሳቂያ ሲያደርጉን!" ይላሉ፣ የሳሉት ሰዎች ትናንት ከቤታቸው የወጡ ይመስል።

"ማለቴ፣ ሶ ለምን አያወርዱትም?" አልኳቸው አንድ ቀን ጨጓራዬ ሲላጥ።

"ለምን አወርደዋለሁ? ልናደድበት እኮ ነው የሰቀልኩት።"

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው ያደግሁት።

የማያናድዳቸው ስዕል አንድ ብቻ ነበር። ጀርመኖች የሳሉት ነው። ጌታ ኢየሱስ ከመድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ሚዛን ይዟል፤ ፊቱ በተደረደሩት ማሰሮዎች ላይ እምነት፣ ተስፋ፣ ፍቅር፣ ትዕግሥት ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ስዕል ፊት ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር። "አየሽ፣ እሱ የእኛን ሥራ አልናቀም" ይሉኛል። ከትዕግሥቱ ማሰሮ ግን ለእሳቸው የደረሳቸው አይመስለኝም።

ከዚያ የእናቴ ጉዳይ መጣ። እናቴ ደም ብዛት አለባት፤ ታላቅ እህቷን የገደላትም እሱ ነው። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ጸለየላት። ቤት እንደገባን ክኒኗን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና "ተፈውሻለሁ" አለች። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? በዚያው ሰሞን ግን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ ግድግዳ ስትደገፍ አየኋት። እንደ አክስቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ወርጄ ለጋሽ ዘሪሁን ነገርኳቸው።

ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ወደ እናቴ ወጡ። "አልማዝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?"

"እኔ መች ደበቅኩ? ተፈወስኩ እንጂ።"

"እሺ ቢያንስ ልለካሽ።"

"ለክተው ሊያጠራጥሩኝ? ጋሽ ዘሪሁን፣ እምነቴን አይንኩብኝ።"

ወረዱ። አዞውን ሲቆጡት እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

በሚቀጥለው እሑድ የጀርመኖቹን ስዕል ጠቅልለው ቤተ ክርስቲያን ይዘው መጡ። የሴቶች ጸሎት በሚደረግበት ክፍል፣ እናቴ ከምትቀመጥበት ወንበር ትይዩ፣ ሊሰቅሉት። እኛን የማያውቅ ሰው ታዲያ ምን አለበት ይላል። አለበት እንጂ! እኛ ጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስዕል አንሰቅልም፤ በዚህ ጉዳይ ከዘመድ ጋር ስንት ዓመት የተጨቃጨቅን ሰዎች ነን። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። "ወንድም ዘሪሁን፣ ዛሬ ስዕል፣ ነገ ደግሞ ሻማ ሊሆን ነው?" አሉ አንዱ።

"ይሄ ስዕል አይደለም፣ ካሌንደር ነው።"

"ታዲያ ቀኑ የታለ?"

ቀኑማ ድሮ ተቆርጦ ተጥሏል። ስብሰባው ተራዘመ፤ ልጆች ሁሉ ራበን። በመጨረሻ ጋሽ ዘሪሁን ተነስተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ሄዱ፤ ባልትና ሱቁ በነፃ የሚያድለውን ካሌንደር አውርደው የወራቱን ጥራዝ ገነጠሉና ከኮታቸው ኪስ በማይጠፋው የቁስል ፕላስተር ከጌታ ሥር ለጠፉት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ኦኬ፣ ካሌንደር ከሆነ ግድ የለም" ተባለ። ጌታ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እኔ ግን እርር ድብን ብዬ ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ስዕሉ እፊቷ ተሰቅሎ መጸለይ አቃታት። "ጌታ ሚዛን ይዞ ምን ያደርጋል?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ልክሽን ሊሰጥሽ ነዋ! መዝኖ ቢሰጥሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣልሽው።"

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። አለመቆጣቷ እሺታ መስሏቸው በማግስቱ ጠዋት የደም ግፊት መለኪያቸውን አንግተው በራችን ላይ ቆሙ። እሺ አላለችም ነበር። በሌላውም ቀን መጡ፣ በሌላውም። "ሐኪምሽ ጋ ኮል አድርጊ፣ የክኒኑን ሪፊል ይላኩልሽ" ይላሉ። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ "ይረፍድብዎታል፣ ጋሽ ዘሪሁን፣ ወደ ሥራዎ ይሂዱ" ትላለች። አይሄዱም። እኔን የትምህርት ቤት ባስ ሊያመልጠኝ ነው፤ እነሱ ሥነ መለኮት ላይ ናቸው።

አንድ ጠዋት ታከታትና ክንዷን ሰጠቻቸው። ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ። ጋሽ ዘሪሁን መለኪያውን ፈቱና ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። እሷም ብትሞት ፈራሁ አትልም፤ "ከእርስዎ ጭቅጭቅ ክኒኑ ይሻለኛል!" ብላ ስልኩን አነሳች። ከዚያ ወዲያ ግን መምጣታቸውን የሚያቆሙ መስሎኝ ነበር። ኧረ የት! ሥራ ከመሄዳቸው በፊት ስትውጥ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። "ዋጥኩ፣ ጋሽ ዘሪሁን፣ አሁን ወደ ሥራዎ ይሂዱ" ስትላቸው ነው ደረጃውን የሚወርዱት።

ጋሽ ዘሪሁን ካረፉ ቆይተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ሲቀይር ስዕሉ ሊጣል ነበር፤ እናቴ አላስነካም ብላ አመጣችው። አሁን ፍሪስኮ እኔ ቤት ነው የምትኖረው፤ ስዕሉም ኩሽናዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ዓመት በተለወጠ ቁጥር አዲስ ጥራዝ ካልለጠፍኩለት ሰላም የለኝም። "እማዬ፣ ይሄ እኮ የራሴ ቤት ነው፤ ስዕል ነው ብንል ማን ይከሰናል?" እላታለሁ። "ካሌንደር ነው" ትላለች። ፕላስተር በፕላስተር ላይ ተደራርቦ ወረቀቱ ከሥሩ አብጧል።

የዚያን ቅዳሜውን የአዞ ስዕል ገዝቼው መጣሁ። እናቴ አየችውና "ይሄን አስቀያሚ ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?" አለችኝ። ልናደድበት ነው አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ናፈቁኝ፣ እዚያው ቆሜ በጣም ናፈቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ልሄድ ጫማዬን ሳስር እናቴ ኩሽና ውስጥ ውሃ ስትቀዳ ሰማሁ። ክኒኗን ዋጠች፣ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ እንደ ሁልጊዜዋ ወደ በሩ ዞረች።

"ዋጥኩ፣ ጋሽ ዘሪሁን" አለች። "አሁን ወደ ሥራዎ ይሂዱ።"