የካውቦዩ ልጅ

ሀጂራ በምትሠራበት የሲያትል የአረጋውያን መኖሪያ፣ መቶ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ፒጃማ ለብሰው የካውቦይ ባርኔጣ ይደፋሉ፤ ሴት ወደ ክፍላቸው ስትገባ ጫፉን በሁለት ጣት ነካ አድርገው ሰላም ይላሉ። አባታቸው ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ካውቦይ ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ ነበር፤ እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ከፈረስ ወድቆ ሞተ።

ሽማግሌው ከትናንት ጀምሮ ምግብ እምቢ ብለዋል። ሐኪሙም «ዛሬ ካልበሉ ሆስፒታል መግባታቸው ነው» ብሏል። ሀጂራ ሾርባውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና የአባታቸውን ፊልም በታብሌት ከፈተችላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ፣ በምስሎቹ መካከል የሚመጣውን ጽሑፍ የምታነብላቸው እሷ ናት።

ጽሑፉ አለቀ። ፈረሱን የሚያሻሸው ወጣቱ አባታቸው ግን ከንፈሩን ማንቀሳቀሱን ቀጠለ።

«አሁንስ ምን እያለ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አልተጻፈም እኮ፣ አባባ።»

«አንቺ ታዪዋለሽ አይደል? እኔ አንድም ቀን ድምፁን አልሰማሁም።»

ሀጂራ ትኩር ብላ አየችው። ታናሽ ወንድሟን የሚያክል ጎረምሳ ነው። ይህን ያህል ዘመን አፈር ውስጥ ከርሞ እንዴት እንዲህ ይስቃል! ቢሆንም የአባባ አባት ናቸው፤ እንግሊዝኛው አንቱ ባይኖረውም በልቧ አንቱ አለቻቸው።

«‹ልጄ ምሳውን በላ ወይ?› እያሉ ነው» አለች።



«አልበላሁም» አሉ ሽማግሌው፣ ጥፋቱ እንደታወቀበት ሕፃን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ አፋቸውንም ከፈቱ።